ግድቡ የኔ ነው! መብራቱስ?

ወገን፣ ረዘመ ብላችሁ እንዳታልፉት። ስለ መብራት ነው የምጽፈው። መብራት ስል ግን አምፖል ብቻ ማለቴ አይደለም፤ አገር ማለቴ ነው።

ማታ ማታ በመስቀል አደባባይ በኩል የምታልፉ ታውቁታላችሁ። ቦታው ቀን ይመስላል። ትልልቆቹ ስክሪኖች ያበራሉ፣ ወጣቱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሰልፊ ይነሳል፣ ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ስትሉ ደግሞ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር እስከ ዳር በብርሃን ተሞልቷል። ያምራል። ላሽሟጥጥ አይደለም፣ የእውነቴን ነው። አገሩ ስታምር የሚከፋው ሰው ካለ እሱ ከእኛ ጋር አይደለም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይሄ ብርሃን የት ላይ ያበቃል? አስፋልቱን ለቃችሁ ወደ ውስጥ ሰፈር ስትገቡ፣ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ቀድሞ የሚጠፋው ምንድን ነው? ብየዳ ቤቱ በምን ምክንያት ነው ግማሽ ቀን ተዘግቶ የሚውለው? ከአዲስ አበባ ወጣ ስትሉስ? ወረዳ ከተማው ላይ ምሰሶው ቆሞ፣ ሽቦው ተዘርግቶ፣ ትራንስፎርመር ግን "ይመጣል" እየተባለ ስንት ዓመት ነው?

"ግድቡ የኔ ነው" ብለን ጮኸናል። ልክ ነበርን። አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ የምንጠይቅበት ጊዜ ነው፦ መብራቱስ የማን ነው?

የሰጠነውን እናስታውስ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ አብዛኞቻችን አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። የውጭ አበዳሪ ለዚህ ግድብ ገንዘብ አላወጣም። ያወጣው ይሄ ሕዝብ ነው። መምህሩ ከወር ደመወዙ ቦንድ ገዛ፣ ወታደሩ ገዛ፣ ሊስትሮው አዋጣ፣ ዲያስፖራው ላከ። እኛም ስልክ ስንይዝ 8100 ላይ "ኤ" ብለን ላክን። በቦንድና በስጦታ ብቻ ከሕዝብ የተሰበሰበው ከ20 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። የቀረውን ትልቁን ወጪ የሸፈነው የመንግሥት ባንክ ነው። የመንግሥት ባንክ ማለት ደግሞ ያው የእኛው ቁጠባ ማለት ነው፣ ሌላ ኪስ የለም።

ከውጭ የመጣውንም ጫና ተቋቁመናል። ጉዳዩ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ድረስ ሄደ። አልተንበረከክንም። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ፣ በአፍሪካ ትልቁ የውኃ ኃይል ማመንጫ። ይሄ አንድ ግድብ ብቻውን፣ ከሱ በፊት በአገሪቱ የነበሩትን ማመንጫዎች ሁሉ የሚያክል አቅም ጨመረልን።

ይሄን ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ኩራታችን ነው። ግን ኩራት ደረሰኝ አለው። የከፈለ ሰው ደረሰኙን ይጠይቃል።

የተገባልን ቃል

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የተሻሻለውን ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ቃሉ ግልጽ ነበር፦ በ2025 በፈረንጆች አቆጣጠር እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሪክ ያገኛል። 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ መስመር በማይደርስበት ቦታ ከፀሐይና ከአነስተኛ ማመንጫዎች።

2025 መጣ፣ ሄደ። ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሕዝብ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ይሄ ማለት ከ50 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ማታ በኩራዝ፣ በባትሪ ወይም በስልክ መብራት ነው የሚያድረው ማለት ነው። ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች በሙሉ ተደምረው ያን ያህል ሰው የላቸውም።

"የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው" ይል ነበር የድሮ ሰው። የኛ ዘመን ተረት ሌላ ሊሆን ነው፤ የዓባይን ልጅ ጨለመበት።

ቃሉ የተገባበት ቀን ሲያልፍ ማን ወጥቶ "አልደረስንም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ አዲሱ ቀን ይሄ ነው" አለን? ማንንም አልሰማሁም። ቀኑ ዝም ብሎ አለፈ፣ እንደ ማንኛውም ቀን። እኔን ያናደደኝ መዘግየቱ አይደለም። አገር ይዘገያል፣ ጦርነት ነበር፣ ኮሮና ነበር፣ የውጭ ምንዛሪ የለም። ያናደደኝ ማንም እንደማይጠይቅ እርግጠኛ ሆነው ማለፋቸው ነው።

"ኃይል የለም" ከዚህ በኋላ አይሠራም

ድሮ መብራት ሲጠፋ መልሱ አንድ ነበር፦ "ኃይል የለም፣ ግድቡ ሲያልቅ ይስተካከላል።" እሺ ብለን ጠበቅን። ግድቡ አለቀ። አሁን ምን ሊሉን ነው?

እውነቱን እንነጋገር። ከጉባ የሚነሳው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል። ያ ኃይል እንዲሁ ተቆርጦ ቤታችሁ አይገባም። መጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ይወርዳል፣ ከዚያ በመካከለኛ መስመር ወደ ሰፈር ይሄዳል፣ ከዚያ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ለቤት የሚሆን አድርጎ ያወርደዋል፣ ከዚያ ቆጣሪ። ሰንሰለት ነው። ግድቡ የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ነው እንጂ ሰንሰለቱ አይደለም። ከታች ያለው ቀለበት ከዝገት ሲበጠስ ከላይ ያለው የወርቅ ቢሆን ምን ይጠቅማል?

የኛ ችግር ያለው እታች ነው። ለመቶ ቤት ታስቦ የተሰቀለ ትራንስፎርመር ሦስት መቶ ቤት ሲጫንበት፣ ማታ ሁሉም ምጣድና ስቶቭ ሲለኩስ ይቃጠላል። ያረጀ የእንጨት ምሰሶ በነፋስ ይወድቃል። ከሚመነጨው ኃይል ከአምስት አንድ ገደማ የሚሆነው ደግሞ በመንገድ ይቀራል፤ ከፊሉ በሽቦው ሙቀት፣ ከፊሉ በስርቆትና ባልተመዘገበ ፍጆታ። አስቡት፣ አምስት እንጀራ ጋግራችሁ አንዱ ከምጣድ እስከ ገበታ ሲጠፋ።

ለዚህ ነው በከፍተኛ መስመር ሥር የሚኖር ገበሬ በራሱ ላይ የሚያልፈውን ኃይል ሌሊት ሲያጉተመትም እየሰማ በኩራዝ የሚያድረው። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እሱን መዘርጋት ችለናል። ሰፈር ውስጥ 300 ሜትር ሽቦ ግን ዓመት ይጠበቃል።

"አቅም የለም" እንዳትሉኝ ደግሞ። ካዛንቺስን እዩ። የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ምሰሶ ተነቅሎ፣ ገመድ መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ አዲስ መብራት ተተክሎ፣ ሁሉም በወራት ውስጥ አለቀ። ሌሊት ጭምር ተሠራ። ስለዚህ ባለሙያው አለ፣ ገመዱ አለ፣ ገንዘቡ ሲፈለግ ይገኛል። የጎደለው ቅደም ተከተል ነው። አስፋልት ዳር ያለው ይታያል፣ ካሜራ ይደርስበታል። ገጠር ያለው ጤና ጣቢያ ግን ካሜራ አይደርስበትም፤ ክትባት ማቀዝቀዣው ቢጠፋም ቪዲዮ አይሆንም። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ በቃ።

ታዲያ ኃይሉን ማን ወሰደው?

ሁለት ትልልቅ ደንበኞች አሉ፤ ከሁለቱም ላይ ስሜት ብቻ ይዘን መጮህ የለብንም፣ በደንብ እናስብ።

አንደኛው ጎረቤት ነው። ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለኬንያ እንሸጣለን። የኬንያው ውል የ25 ዓመት ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ 400። እኔ ይሄን እደግፋለሁ። ኢትዮጵያ ለጎረቤቶቿ መብራት ስትሆን ማየት የዚህ ትውልድ ሕልም ነው። ዶላርም እንፈልጋለን። ከጎረቤት ጋር በሽቦ መተሳሰር ደግሞ ከመቶ ዲፕሎማት ይሻላል።

ሁለተኛው ቢትኮይን ነው። በኮንቴይነር ሙሉ ኮምፒውተር ደርድረው፣ ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ሰፍረው፣ ቀንና ሌሊት ኃይል የሚስቡ ኩባንያዎች። ከ20 በላይ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ገቡ፣ አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። በ2016 ዓ.ም. እንደተዘገበው ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ለኬንያ የምንሸጥበት ደግሞ 6.5 ሳንቲም ነው። የሚወስዱት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ዋት ነው። በኋላ ላይ ድርጅቱ ራሱ ለዚህ ሥራ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ተናገረ። ለምን እንዳቆመ እናንተው ገምቱ።

የሚሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ። "ትርፍ ኃይል ነበር፣ ማከፋፈያ ስላልተሠራ ሕዝቡ ጋ መድረስ አይችልም፣ ባይሸጥ ውኃው ዝም ብሎ ይፈስ ነበር፣ ዶላር አስገባን።" መልሱ ከፊል እውነት አለው፣ አልክድም። ግን አስተውሉ፣ መልሱ ራሱ ክስ ነው! ሕዝቡ ጋ መድረስ ያልቻለው ማከፋፈያ ስላልተሠራ ከሆነ፣ ያ ዶላር የት ገባ? ስንት ትራንስፎርመር ገዛ? ስንት ወረዳ አገናኘ? ትርፍ የተባለውን ሸጠን ያገኘነው ገንዘብ ለዘለቄታው "ትርፍ" እንዳይኖር ካላደረገ፣ ነገም ያው ጨለማ፣ ያው ትርፍ፣ ያው ኮንቴይነር ነው።

ደግሞ 5,150 የሚለውን ቁጥር ሰምታችሁ ያን ያህል ሁልጊዜ ይወጣል እንዳትሉ። ያ ሁሉም ተርባይን በአንድ ላይ ሲሠራ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ግድቡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው፤ ለዓመቱ ሰዓታት ስታካፍሉት በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት ገደማ ይመጣል። ስለዚህ በመቶዎች ሜጋ ዋት ሌት ተቀን የሚወስድ ደንበኛ ፍርፋሪ የሚለቅም አይደለም፣ ገበታው ላይ ተቀምጧል።

ይህ አደባባይ አንድ ሰው ያስታውሳል

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠዋት፣ የግድቡ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ እዚሁ መስቀል አደባባይ መኪናው ውስጥ በጥይት ሞቶ ተገኘ። ከተማው አለቀሰ። ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ ራሱን ነው ያጠፋው አለ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም። እኔ እዚህ ላይ መርማሪ ሆኜ የማላውቀውን አልጽፍም፣ እናንተም ኮሜንት ላይ ያልተጣራ ነገር አትጻፉ፣ የሰውየው ቤተሰብ አለ።

የማውቀውን ግን እጽፋለሁ። ከሞቱ አንድ ወር በኋላ መንግሥት የኤሌክትሮሜካኒካል ሥራውን ከሜቴክ ነጠቀ። ተርባይን ሠርቶ የማያውቅ ድርጅት የአገሪቱን ትልቁን የተርባይን ሥራ ይዞ ዓመታት ማባከኑ የተነገረን ያኔ ነው። ለ16 ተርባይን የታሰበው ግድብ በ13 ተጠናቀቀ። ያ ሁሉ ዓመት እኛ ምን ይነገረን ነበር? "በመቶ ይሄን ያህል ደርሷል።" በየስብሰባው በመቶኛ! ውሉን ያየ የለም፣ ክፍያውን ያየ የለም፣ የጠየቀ ደግሞ "የግብፅ ተላላኪ" ተባለ።

ትምህርቱ ይሄ ነው ወገን። ግድቡን ከውስጥ የጎዳው የጠላት ሚሳይል አይደለም፣ የተዘጋ ፋይል ነው። ጥያቄ ሲከለከል የሚጠቀመው አገር አይደለም፣ ሌባ ነው። ስለዚህ ዛሬ "አሁን አትጠይቁ፣ ጠላት ይሰማናል" የሚላችሁን ሰው በትህትና እንዲህ በሉት፦ ወንድሜ፣ ያኔም ዝም ብለን ነበር። ዝምታው ስንት ዓመት አስከፈለን?

"መቶ በመቶ አረንጓዴ ነን" ስለሚባለው

በየጉባኤው የምንኮራበት አንድ ነገር አለ፦ ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከታዳሽ ምንጭ ነው። እውነት ነው። ብዙ የበለጸጉ አገሮች ገና ከከሰል ድንጋይ ለመውጣት ሲታገሉ እኛ እዚያ ነን። በ2027 በፈረንጆች አቆጣጠር የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ተወስኗል። ዓለም ወደ እኛ ይመጣል።

ግን ሁለት ነገር እንመን።

አንደኛ፣ "ታዳሽ" የምንለው ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ብቻ ነው። እንቁላሉ ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ ነው። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ረሳችሁት? የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ቀነሰ፣ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ጎደላት፣ መብራት በፈረቃ ሆነ፣ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠው ተቋረጠ። አንድ ክረምት ሲሰንፍ አገር በሙሉ ጨለማ ውስጥ ገባ። ዝናብ የሚሠራውን ነፋስና ፀሐይ ማገዝ አለባቸው። ደግሞ ተፈጥሮ አድልታልናለች፤ በእኛ አገር በጋ ሲሆን፣ ወንዝ ሲቀንስ፣ ነፋሱ ይበረታል። የአሸጎዳ፣ የአዳማ፣ የአይሻ የነፋስ ተርባይኖች ይሄን አሳይተውናል። የ13 ወር ፀሐይ እያልን ቱሪስት እንጠራለን፣ ከዚያች ፀሐይ ግን ለዋናው መስመር ይሄ ነው የሚባል ኃይል አናገኝም።

ሳይሞከር ቀርቶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ግድም ጋድ እና ዲቸቶ ላይ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚሆኑ የፀሐይ ማመንጫዎችን ለመሥራት የሳውዲው አኩዋ ፓወር ጨረታ አሸንፎ ነበር። የቀረበው ዋጋ 2.5 ሳንቲም ገደማ፣ በአፍሪካ ርካሽ ከሚባሉት። ሥራው ሳይጀመር ቀረ። የእንዲህ ያሉ ውሎች ዋና መሰናክል ሁሌም አንድ ነው፦ ባለሀብቱ በብር ተከፍሎት በዶላር ማውጣት ይፈልጋል፣ እኛ ዶላሩን ዋስትና መስጠት አንችልም። ይሄ የፀሐይ ችግር አይደለም፣ የአስተዳደር ችግር ነው። ፀሐይዋ አሁንም ዲቸቶ ላይ አለች፣ ጠዋት ጠዋት በነጻ ትወጣለች።

ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክ ከምንጠቀመው ኃይል ትንሿ ክፍል ናት። ከአሥር ዘጠኝ የሚያህለው የቤት ኃይላችን እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ነው። ከእንጦጦ ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን እያየን ነው ያደግነው። እውነተኛው የኢነርጂ ሽግግር ያለው ጉባኤ አዳራሽ ውስጥ አይደለም፣ ማድ ቤት ውስጥ ነው። በጭስ ዓይኗ የቀላ እናት ኤሌክትሪክ ምጣድ እስክታገኝ ድረስ "አረንጓዴ ነን" የሚለው ቃል ለፈረንጅ የምንሰጠው ካርድ ነው። ደኑ እየተቆረጠ በአንድ እጅ ችግኝ እንተክላለን፣ በሌላው ለከሰል እንቆርጣለን።

መኪናው ኤሌክትሪክ፣ ባቡሩ ቆሟል

ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለነዳጅ እያወጣን፣ የራሳችን ኃይል ሲፈስ ማየት ሞኝነት ነበር። ግን የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የሚችለው ማን ነው? እኔና እናንተ ለታክሲ ሰልፍ ላይ ነን።

የእኛ የኤሌክትሪክ መኪና ባቡሩ ነበር። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በመስቀል አደባባይ በኩል ሽው ብሎ ሲያልፍ ስንት ተስፋ ነበረን! ወደ 475 ሚሊዮን ዶላር ፈሰሰበት፣ አብዛኛው የቻይና ብድር። ከ41 ባቡሮች ውስጥ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ብድሩ ግን አልቆመም። ዜናው ለባለመኪናው የመኪና መሙያ ጣቢያ ይቆጥራል፣ ለሕዝቡ ግን የቆመውን ባቡር አይቆጥርም።

ክፍያውስ? ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት ከፍ እንዲል ተወስኗል። ለዓመታት ታሪፉ ከወጪው በታች ነበር፣ ድርጅቶቹም በዕዳ ተዘፍቀዋል፣ ይሄንን መካድ አይቻልም። ግን ጭማሪ ውል ነው። እኔ ጨምሬ ከከፈልኩ አንተ ምን ጨመርክልኝ? ዋጋው በየሦስት ወሩ የሚያድግ ከሆነ አገልግሎቱም በየሦስት ወሩ የሚለካ መሆን አለበት። አለዚያ ይሄ ታሪፍ አይባልም፣ ግብር ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ይሄን ጥያቄ ስትጠይቁ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በ2006 ዓ.ም. መብራት ኃይል ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በትልቁ መስመር ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያከፋፍላል፣ ቆጣሪ ያስገባል፣ ያስከፍላል። በላያቸው የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አለ። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ደግሞ ይቆጣጠራል።

በወረቀት ሲታይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን ኳስ ጨዋታ ነው። አከፋፋዩ "ኃይል ከላይ ተቋርጧል" ይላል። አመንጪው "እኛ ኃይል አለን፣ መስመሩ የነሱ ነው" ይላል። ትራንስፎርመር የለም ሲባል ምክንያቱ ዶላር፣ ዶላር የለም ሲባል ምክንያቱ ባንክ። አመንጪውም፣ አከፋፋዩም፣ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት ነው፤ አባትም ልጅም ዳኛም አንድ ቤት ናቸው። ከሳሽ ብቻ ነው የጠፋው። ከሳሹ ደግሞ እኛ ነን።

እስቲ ደግሞ ይሄን አስቡ። በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በኤሌክትሪካል ምህንድስና ስንት ልጅ ያስመርቃሉ? ስንቱ ዲግሪውን ፍሬም አስገብቶ ቤት ተቀምጧል? እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። በአንድ በኩል ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው መብራት ይጠብቃል። በሌላ በኩል መብራት መዘርጋት የተማረ ወጣት ሥራ ይጠብቃል። ሁለት ወረፋ፣ አንድ አገር። እነዚህን ሁለት ሰልፎች ፊት ለፊት ማገናኘት ያልቻለ አስተዳደር ስለ ምን "ሽግግር" ነው የሚያወራው? 35 በመቶው በፀሐይ ይሸፈናል ተብሎ አልነበረም? እያንዳንዱ ወረዳ ላይ አሥር ወጣት ቢደራጅ፣ ብድርና ዕቃ ቢቀርብለት፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ላይ ሶላር እየገጠመ፣ እየጠገነ ቢኖር፣ ይሄ ምን ክፋት አለው?

የምንጠይቀው

መጮህ ብቻ አይበቃም። ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን።

አንደኛ፦ ውሎቹ ይውጡ። የቢትኮይኑም፣ የኤክስፖርቱም። ስንት ሜጋ ዋት፣ በስንት፣ ለስንት ዓመት። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ግድብ ምስጢራዊ ደንበኛ ሊኖረው አይገባም።

ሁለተኛ፦ ከኃይል ሽያጭ የሚገባው ዶላር የተወሰነው ድርሻ በሕግ ለትራንስፎርመር፣ ለሽቦና ለቆጣሪ ይታሰር። ለአስፋልት ዳር ጌጥ አይደለም።

ሦስተኛ፦ የየወረዳው የቆጣሪና የትራንስፎርመር ወረፋ በአደባባይ ይለጠፍ። ተራው የማን እንደሆነ የሚታይ ወረፋ ጉቦ አይወድም።

አራተኛ፦ መብራት የጠፋበት ሰዓት በየወሩ በሰፈር በሰፈር ይታተም። ታሪፉም ከሱ ጋር ይያያዝ።

አምስተኛ፦ ለነፋስ፣ ለፀሐይና ለእንፋሎት ቀንና ቁጥር ይቀመጥ። ለማድ ቤትም እንዲሁ፤ በዓመት ስንት እናት ከጭስ ወጣች?

ስድስተኛ፦ ለዚህ ሥራ የተማረው ወጣት ይቅደም።

ቀነ ገደቡን ደግሞ እነሱ ራሳቸው ሰጥተውናል። ኮፕ 32 ሲመጣ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ እዚህ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ ኢሲኤ ያልፋል። ብርሃኑን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። እኛ ደግሞ ከብርሃኑ ጀርባ ያለውን እስከዚያ ድረስ እንዲስተካከል እንጠይቃለን። ለፈረንጅ ለማሳየት አይደለም፤ ለእናታችን ነው።

የእናንተ ድርሻ

እስከዚህ ካነበባችሁ ላይክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። ከዛሬ ጀምሮ ሰፈራችሁ ላይ መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ደብተር ላይም ይሁን፣ ስልክ ላይ። አንድ ወር ያዙት። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ። ከዚያ ወረዳና ቀጠናችሁን ብቻ ጠቅሳችሁ፣ የማንንም ሰው ስም ሳታነሱ፣ ሳትሳደቡ፣ ኮሜንት ላይ አስፍሩ። እኛ እንሰበስበዋለን፣ እንደምራለን፣ በአደባባይ እናወጣዋለን። መረጃ ያለው ወጣት ማንም "ተላላኪ" ሊለው አይችልም።

ሠራተኛውን ግን አትንኩ። ክረምት በዝናብ ምሰሶ ላይ የሚወጣው የመስመር ሠራተኛ ወንድማችን ነው፣ እሱም እንደ እኛ መለዋወጫ ሲጠብቅ ነው የሚውለው። ጥያቄያችን ወንበር ላይ ለተቀመጠው ነው።

አገር መውደድ ባንዲራ ለብሶ መዝፈን ብቻ አይደለም። ከፍሎ መጠየቅም አገር መውደድ ነው። ግድቡ ላይ ማንም እንዳይነካን ቆመናል፣ ነገም እንቆማለን። ግን ድንበር የምንጠብቅለት ሀብት ቤታችን ካልገባ የምንጠብቀው ለማን ነው?

ግድቡ የኔ ነው። መብራቱም የኔ ነው። ያንተም ነው፣ ያንቺም ነው፣ ኩራዝ ይዛ ለፈተና የምታጠናው የገጠሯ እህታችንም ነው።

ሼር አድርጉት። መብራት ሳይጠፋ።